ከዘራና ካሜራ

ሰው በተፈጥሮው ደስታን የሚሻ ፍጡር ነው። ሕፃን በጭቃ ቤት ሲሠራ፥ ወጣት በጨዋታና በዘፈን ሲደሰት፥ ጐልማሳም በሥራውና በልጆቹ ሲጽናና ማንም አይነቅፈውም፤ እንዲያውም የዕድሜው ወግ ነው ተብሎ ይመረቅለታል። የሽምግልና ጊዜ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽማግሌ እንዲመክር፥ እንዲያስታርቅና እንዲመርቅ ይፈለጋል እንጂ አዲስ ነገር እንዲወድ አይጠበቅም። «ካረጁ አይበጁ» የሚለው አነጋገር ለቀልድ የተነገረ ቢመስልም ብዙዎቻችን ሳናስበው እንደ ሕግ እንሠራበታለን። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው በሽምግልናው አዲስ ደስታ መጀመሩ፥ ለዚያም ደስታ የሚሆን መሣሪያ መግዛቱ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ መጠኑን የሚወስነው ማን ነው?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ካሳፈረን ነገር የተነሣ ነው እንጂ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የመዝገብ ቤት ሹም 60 ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ ሊሰናበቱ ሆነ። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፥ ፋይል ጠፋ በተባለ ጊዜ ወደ መደርደሪያው ቀጥ ብለው ሄደው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ለስንብት ስጦታ ገንዘብ ተዋጣ፤ ስጦታውን እንድንገዛ የተመረጥነውም በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ ሦስት ሠራተኞች ነበርን። ብዙም ሳንወያይ አንድ ጋቢና አንድ ከዘራ እንዲገዛ ወሰንን። ለወጉ ያህል ብንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጆቼ፥ ከጠየቃችሁኝስ ካሜራ ብትገዙልኝ ደስ ይለኛል፤ የጐደለውን እኔ እጨምራለሁ» አሉን። እኛም ሳቅን። ሳቃችን የክፋት አልነበረም፤ ቀልድ መስሎን ነው። እርሳቸውም አብረውን ሳቁ። ጋቢውና ከዘራው ተገዛ፤ ንግግር ተደረገ፤ ሻይና ዳቦ ቀርቦ ተበተንን።

ከስድስት ወር በኋላ ለጡረታ ጉዳያቸው ወደ መሥሪያ ቤቱ ብቅ ብለው፥ «ያንን ካሜራ ልገዛ ነውና ከእናንተ መካከል ጊዜ ያለው አብሮኝ ይሂድ፤ እናንተ የዛሬ ልጆች ታውቁበታላችሁ» አሉ። ቀልድ እንዳልነበረ የተረዳነው በዚያን ቀን ነው። በመንገድ ሳለን ነገሩ ከየት እንደ መጣባቸው ጠየቅናቸው።

«እኔ እኮ» አሉ፥ «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የኖርሁት ከጉርድ ፎቶግራፍ ጋር ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር ጉርዱን በፋይሉ ላይ የምለጥፍ እኔ፤ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ፋይሉን የምዘጋም እኔ። በዚያ ሁሉ ፋይል ውስጥ አንድ የሚስቅ ሰው አላየሁም። ሁሉም ፊቱን አቅንቶ፥ ትንፋሹን ይዞ ያፈጣል። ያንኑ ሰው በኮሪደር ሳገኘው ግን ይስቃል፤ ይቆጣል፤ ልጁ ታሞበት ይተክዛል። ታዲያ ዓይኔ ሳይደክም ሰውን እንደሚኖር አድርጌ ባየው ምን አለበት?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። እኛ የቀልድ ፍላጎት ነው ያልነው ነገር በሠላሳ አራት ዓመት ሥራ ውስጥ ተጠራቅሞ የበሰለ አሳብ ኖሯል።

ፎቶግራፍን ለገቢ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል የሚያነሣውን ሰው አውሮፓውያን አማተር ይሉታል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጓሜውም «የሚወድ» ማለት ነው። ዛሬ «ያልሠለጠነ» ለማለት የሚነገርበት ጊዜ ቢኖርም የጥንት ክብሩ አልጠፋም። ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ በይፋ ከተገለጠ በኋላ (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን) ለብዙ ጊዜ የባለጸጎችና የባለሙያዎች ሥራ ነበር። በ1888 አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን 100 ሥዕል የሚይዝ ጥቅል ፊልም የገባበትን ኮዳክ የተባለ ቀላል ሣጥን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ግን በሩ ለማንኛውም ሰው ተከፈተ። በአገራችንም ፎቶግራፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ፥ እንደ ቦያጂያን ቤተ ሰብ ባሉ አርመናውያን ባለሙያዎች እጅ ከቆየ በኋላ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። ሆኖም ለወላጆቻችን ትውልድ ፎቶግራፍ መነሣት እንጂ ማንሣት የተለመደ አልነበረም። ሰው ልብሱን ለብሶ፥ አንዳንዴም ኮት ተውሶ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ከመጋረጃው ፊት ይቆማል፤ ሌላ ሰው ያየዋል። እርሱ ራሱ የሚያይበት ዕድል አልነበረውም።

በሽምግልና ደጃፍ ላይ ይህን ዕድል ካገኙት ሰዎች መካከል ስሟ የሚነሣው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። በ1815 በካልካታ ተወልዳ፥ ልጆች አሳድጋ፥ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ስትኖር፥ በ1863 መጨረሻ ሴት ልጅዋና አማችዋ በብቸኝነቷ እንድትጫወትበት ብለው አንድ ካሜራ ሰጧት። ዕድሜዋ 48 ዓመት ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ወደ ማረፊያ የሚጠጉበት ዕድሜ ነው። እርሷ ግን የከሰል ቤቱን ጨለማ ክፍል፥ የዶሮውን ቤት ደግሞ ማንሻ ክፍል አደረገችው። መስተዋት በመድኃኒት እየቀባች፥ ገና እርጥብ ሳለ ሥዕሉን መያዝ ነበረባት። በጊዜው የነበሩ አንዳንድ ዐዋቂዎች ሥዕሎችዋ ደብዘዝ ያሉ ናቸው እያሉ ነቀፏት። ዛሬ ግን ገጣሚውን ቴኒሰንን፥ የሥነ ፈለክ ሊቁን ኸርሸልን፥ እንዲሁም የቤት ሠራተኞችዋን ያነሣችባቸው ሥዕሎች በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይጠበቃሉ። ይህን ሁሉ የሠራችው ከአሥር ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው።

የካሜሮንን ታሪክ ስናስብ የሚቆጠቁጠን ዝናዋ አይደለም። የእርሷ ልጆች እናታቸውን ገና የምታይ ሰው አድርገው ቈጠሯትና ካሜራ ሰጧት፤ እኛ ግን ጋሼን የሚበርዳቸውና የሚደክማቸው ሰው ብቻ አድርገን ቈጥረን ጋቢና ከዘራ ሰጠናቸው። ጋቢና ከዘራ ክብር ያላቸው ስጦታዎች ናቸው፤ ጥፋቱ በዕቃዎቹ ሳይሆን ሰውየውን ሳንጠይቅ ቀድመን በመወሰናችን ላይ ነው። ስንጠይቅም መልሱን ለመስማት አልነበረምና።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡበት አንድ ጠባብ ሱቅ ስንገባ፥ ባለሱቁ ክንድ የሚያህል ሌንስ የተገጠመለት ትልቅ ካሜራ አወጣ። «ይህ የባለሙያ ዕቃ ነው» አለ። የእኛም ልብ ወደዚያው ሄደ፤ «ጋሼ፥ ከገዙ አይቀር ይህን ይግዙ» አልናቸው። እርሳቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና ቆዩ። ወዲያው ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ አየን። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት፤ አላፈሩም፥ አላዘኑም። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁ። «ክብደቱ ስንት ነው? በመነጽር ለሚያይ ሰው ያሳያል? ጽሕፈቱን ሳላነብ በጣቴ ዳብሼ ልሠራበት እችላለሁ?» በመጨረሻም ሌንሱን ጨምሮ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፥ አንድ ሌንስ ብቻ ያለው ትንሽ ካሜራ መረጡ። ባለሱቁም ዓይን ከሚያስጠጉበት መስኮት አጠገብ ያለችውን ትንሽ መዞሪያ አሳያቸው። እርሷን በማዞር መስኮቱን ለደከመ ዓይን ልክ ማስተካከል ይቻላል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፥ መዞሪያዋን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ቆዩና፥ «አሁን አየሁ» አሉ። እኛ ዐዋቂ ተብለን የሄድነው ሰዎች መዞሪያዋ ለምን እንደ ተሠራች አናውቅም ነበር።

በኋላ እንደ ሰማነው፥ በዋጋውም ቢሆን ምርጫቸው የታሰበበት ነበር። ገንዘቡ ከዕቁብ የደረሳቸው ነው። ባለቤታቸው፥ «ጣሪያው እያፈሰሰ ካሜራ!» ብለው ተቆጥተው ኖሯል፤ ቁጣቸውም አለ ምክንያት አልነበረም። በትልቁና በትንሹ ካሜራ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የዚያ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። ስለዚህ ጋሼ ትንሹን ገዙ፤ ከክረምቱም በፊት ጣሪያው ታደሰ። የፍልስፍና ሰዎች ልከኛነት የሚሉትን ነገር ከዚህ ይልቅ ግልጽ ሆኖ ያየንበት ጊዜ የለም። ልከኛነት ደስታን መተው አይደለም፤ ደስታውና ቆርቆሮው አብረው የሚኖሩበትን ቦታ ማግኘት ነው።

መሣሪያ ለሰው አካል እንዲመች መሠራት እንዳለበት የካሜራ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ በላይትዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ፥ ነገር ግን በአስም የሚሠቃይ ሰው ነበር። የዘመኑን ከባድ ካሜራና የመስተዋት ሰሌዳ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልቻለም። ስለዚህ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የሲኒማ ፊልም ወስዶ፥ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ እስከ 1914 ድረስ ሠራ፤ ካሜራውም በ1925 ላይካ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። የሥዕሉም መጠን 24 በ36 ሚሊሜትር ሆነ። ዛሬ ባለሙያዎች ሙሉ መጠን እያሉ የሚኮሩበት የዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ልኩ ይኸው ነው። የአንድ ደካማ ደረት ችግር የዓለም መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ድካሙን ያልደበቀ ሰው ለጤነኞችም የሚተርፍ ነገር አገኘ።

ታዲያ ለምን ብዙ ሰው ከአቅሙና ከጉዳዩ በላይ የሆነ መሣሪያ ይመኛል? አንድ ሥዕል 20 በ30 ሳንቲሜትር አድርጎ በጥራት አትሞ በግድግዳ ለመስቀል ከ8 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነጥብ ይበቃል፤ ዛሬ ብዙው የእጅ ስልክ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ትልቅ ሰሌዳ በጨለማ የተሻለ ብርሃን መቀበሉ፥ ረጅም ሌንስም የራቀውን ማቅረቡ እውነት ነው። ወፍ ለሚያነሣ ወይም በምሽት ለሚሠራ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ጎረቤቱንና የልጅ ልጁን ለሚያነሣ ሰው የራቀውን ማቅረብ ምን ይረባዋል? የቀረበውን ገና አላየውምና። ዓይን ሳይጠይቅ የተገዛ መሣሪያ ዓይንን አያሠለጥንም፤ ከሣጥኑ ገብቶ ሌላ መሣሪያ ያስመኛል እንጂ። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የተባለው ለዕቃም ያገለግላል።

በዚህ ረገድ ሽምግልና አንድ ብልጫ እንዳለው እናምናለን። ወጣት መሣሪያ ሲገዛ ወደ ፊት ልሆን እችላለሁ ብሎ ለሚያስበው ሰው ይገዛል። ተራራ ለሚወጣው፥ አገር ለሚዞረው፥ ዝና ለሚያገኘው ሰው ይገዛና ያ ሰው ሳይመጣ መሣሪያው ያረጃል። ሽማግሌ ግን ልብ ካለው ለሆነው ሰው ይገዛል። ክንዱ ስንት እንደሚችል፥ ጉልበቱ የት እንደሚያደርሰው፥ ማንን ማየት እንደሚወድ ያውቃል። በእርግጥ ወጣትነቱን በዕቃ ሊመልስ የሚሞክር ሽማግሌም አይጠፋም። ያም ሆነ ይህ መሣሪያ መምረጥ ራስን መለካት ነው፤ ራሱንም ለመለካት ዕድሜ የሰጠውን ሰው ሌሎች ሊለኩለት አይገባም።

ሆኖም ልከኛነት ማለት ርካሹን መግዛት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ቁልፉ የማይጫን፥ ባትሪው ወዲያው የሚያልቅ ካሜራ የሽማግሌን ትዕግሥት ይጨርስና ደስታውን ገና ሳይጀመር ያጠፋዋል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርጎ ሻጋታ እንዳለበት መመርመር፥ ባትሪውና መሙያው ዛሬም በገበያ መገኘቱን መጠየቅ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዕቃውን ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ በእጁ ይዞ ይቆይ። በአምስት ደቂቃ የከበደ ነገር በአንድ ሰዓት ሸክም ይሆናል፤ ሸክም የሆነም ነገር ቤት ይቀራል።

ባለሙያ የሆነ ሰው እንኳ በመጨረሻ ወደ ቀላሉ መሣሪያ ሊመለስ ይችላል። በ1894 በቡዳፔስት የተወለደው አንድሬ ከርቴስ በዓለም የታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በ1977 ሚስቱ በሞተችበት ጊዜ ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር፤ ኀዘኑም ጸናበት። ሥዕሉን ወዲያው የምታወጣ ፖላሮይድ የተባለች ቀላል ካሜራ ይዞ፥ በኒው ዮርክ ከነበረው ቤቱ መስኮት አጠገብ ሚስቱን የምታስታውሰውን ትንሽ የመስተዋት ሐውልት አቁሞ፥ ብርሃን በላይዋ ሲያልፍ ያነሣ ጀመር። ከአንድ መስኮት ሳይርቅ ከኀዘኑ ጋር ይነጋገር ነበር ማለት ይቻላል። ኑሮው ሲጠብብ እይታው አልጠበበም።

አንዳንድ አንባቢ፥ «ይህ ሁሉ የጥጋብ ነገር ነው፤ ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ ሽማግሌ መጫወቻ ይወራልን? ደግሞስ ስልክ እያለ ካሜራ ለምን?» ይለን ይሆናል። የመጀመሪያው ክርክር ከባድ ስለ ሆነ አናቃልለውም። ከልጅ እንጀራና ከቤት ጣሪያ ተነጥቆ የሚገዛ ደስታ ደስታ አይደለም፤ በደል ነው። ነገር ግን ሰው ግዴታውን ከፈጸመ በኋላ በቀረው ነገር ዓለምን ማየት ቢወድ፥ ይህን መከልከል ችግረኛውን አይጠቅምም፤ አንድ ሰውን ያደኸያል እንጂ። ስለ ስልኩም ቢሆን፥ በስልክ የሚያነሣና የሚደሰት ካሜራ መግዛት የለበትም። ጋሼን ስንጠይቃቸው ግን፥ «ስልኬ ሰው ይጠራብኛል፤ ይህ ግን ለማየት ብቻ ነው» አሉን። እኛ በስልካችን በቀን ብዙ ሥዕል እናነሣለን፤ ተመልሰን የምናያቸው ጥቂቶቹን ነው፤ ስልኩ ሲሰበርም አብረው ይጠፋሉ። እርሳቸው በሳምንት ጥቂት ያነሣሉ፤ ከዚያም ውስጥ አንድ ሁለቱን ያሳትማሉ።

ካነሷቸው በኋላ የሚያደርጉትም መነገር ያለበት ነው። ሰው ከማንሣታቸው በፊት፥ «ልጄ፥ ላንሣህ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይሆንም ያለ እንደ ሆነ ካሜራውን ዝቅ አድርገው አመስግነው ያልፋሉ። የፈቀደ ሰው ደግሞ የታተመውን ሥዕል በእጁ ያገኛል። የሰፈራቸው ሊስትሮ፥ የጉልት ነጋዴዋና የጥበቃው ዘበኛ ፎቶግራፋቸውን ከእርሳቸው ተቀብለዋል። ብዙ ጊዜ ድኻ ሥዕሉ የሚወሰድበት እንጂ የሚሰጠው አይደለም። አንሺው የባለጸጋን ደጅ አንኳኩቶ ሲገባ የድኻን ፊት ግን ሳይጠይቅ ይወስዳል። ዓይን ያለ ፈቃድ የሚገባበት ቤት ሁሉ የተደፈረ ቤት መሆኑን ጋሼ የሚያውቁት ይመስለናል፤ የሰውን ፋይል ለሠላሳ አራት ዓመት ዘግተው የጠበቁ ናቸውና።

ካሜራው በተገዛ በዓመቱ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥተው ለሦስታችን አንዳንድ ፖስታ ሰጡን። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን በር ነው፤ ሰዓቱ ከሥራ የምንወጣበት የማታው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሠራተኛው ይጎርፋል፤ በመካከሉም እኛ ሦስታችን አለን። አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ ሁለቱ በስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከሥዕሉ ግርጌ ከፀሐዩዋ መዘቅዘቅ የተነሣ የረዘመ የአንድ ሰው ጥላ እስከ እግራችን ድረስ ደርሷል። ጥላው ጎንበስ ብሎ እጁን በአንድ ነገር ላይ አሳርፏል። አተኩረን ብናይ ከዘራው ነው። እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ካሜራውን በከዘራው እጀታ ላይ አስደግፈውት ኖሯል። በጥላው ላይ ረግጠን አልፈናል።

«ጋሼ፥ ያን ጊዜ ለምን አልጠሩንም?» አልናቸው። «ብጠራችሁማ እንደ ጉርዱ ፊታችሁን ታቀኑብኝ ነበር» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም፥ «ሳልጠይቅ ያነሣሁት ይህን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ላስፈቅድ መጣሁ። ካልፈቀዳችሁ አጠፋዋለሁ» አሉን። ፈቀድን። ሌላ ምን እንላለን? ሥዕሉ ዛሬ ከጠረጴዛችን መስተዋት ሥር አለ።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ሰው በሽምግልናው አዲስ ደስታ መጀመሩ ተገቢ ነው፤ መሣሪያውንም መምረጥ የራሱ የባለቤቱ ድርሻ ነው። የእኛ የልጆች ድርሻ ሲጠይቁን አብሮ መሄድ፥ ሲመርጡም የክንዳቸውን ልክ ከእኛ ይልቅ እነርሱ እንደሚያውቁ ማመን ነው። በመሥሪያ ቤታችን በዚህ ዓመትም የሚሰናበቱ ሰዎች አሉ። ኮሚቴው አሁንም ከዘራ ሊገዛ ይችላል፤ ከዘራ መልካም ነገር መሆኑን ከሥዕሉ ተምረናል። አስቀድሞ ግን ምን እንደሚወዱ እንጠይቃለን፤ መልሱንም ሳንስቅ እንሰማለን።